ሜምኮፒ ከኋላ ሲጀምር፦ የአንድ ላይብረሪ ለውጥ ጉዳይ ጥናት

ለምን ጻፍኩት

ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት የሠራሁትን ትንሽ ፕሮግራም ሰርቨራቸው ላይ ልጭን ሄድኩ። ሳስነሳው አንድ መስመር ተፍቶ ቆመ። ጂሊብሲ የሚባለው የሲ ቋንቋ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የተዘጋጀ ኮድ) 2.14 ቨርዥን አልተገኘም ይላል። እኔ የሠራሁት ኡቡንቱ 14.04 ላይ ነው፣ የእነሱ ሰርቨር ደግሞ የቆየው ሴንትኦኤስ 6። ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች (ዲስትሮዎች) ናቸው። ደንበኛው አጠገቤ ቆሞ «ምን አለ?» ይለኛል። «ትንሽ ነገር ናት» አልኩት። ትንሽ አልነበረችም።

ቢሮ ተመልሼ ፋይሉን የፕሮግራምን ውስጥ በሚያሳየው ኦብጅደምፕ በሚባል መሣሪያ ከፈትኩትና ከሲ ላይብረሪው የሚፈልጋቸውን ፈንክሽኖች አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም አጠገባቸው 2.2.5 የሚል ቁጥር አላቸው። 2.14 የሚለው አንድ ብቻ ነው፣ ሜምኮፒ። ባይት ከአንድ የሜሞሪ ቦታ ወደ ሌላ ከመገልበጥ በቀር ሥራ የሌለው፣ ከብዙዎቻችን ዕድሜ የሚበልጥ ፈንክሽን። እሱ ደግሞ 2.14 በወጣበት በ2011 ምን ነካውና አዲስ ቨርዥን አስፈለገው? ይህን ስቆፍር ነው ከታች ያለውን ታሪክ ያገኘሁት። ጉዳዩ በአደባባይ የተከራከሩበት ነው። ጣት ለመቀሰር ስላልሆነ ግን የሰው ስም አልጠራም።

ዳራ፦ ስሙ አንድ፣ የአባት ስሙ ሁለት

ጂሊብሲ ማለት አብዛኛው የሊኑክስ ፕሮግራም የተደገፈበት የሲ ላይብረሪ ነው። እንደ አልፓይን ያሉ ሙስል የሚባለውን የሚጠቀሙ ዲስትሮዎች አሉ፣ እነሱን ለጊዜው እንተዋቸው። የጂሊብሲ ዋና ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ 6 የሚል ቁጥር አለው። ይቺ 6 ከ1997 ጀምሮ አልተነቃነቀችም። ቁጥሩ ከተቀየረ አሮጌው ፕሮግራም ሁሉ አዲሱን ላይብረሪ አያውቀውምና እንደገና ኮምፓይል መደረግ (ከኮድ ወደሚሠራ ፋይል መለወጥ) አለበት። ከ5 ወደ 6 የተሻገሩት ሰዎች ያን ጣጣ ቀምሰውታል፣ ሁለተኛ የሚደግመው አልተገኘም።

ታዲያ ቁጥሩን ሳይነኩ የአንድን ፈንክሽን ጠባይ እንዴት ይለውጣሉ? መልሱ የሲምቦል ቨርዥን ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት አበበ ካሉ በአባት ስም እንለያቸዋለን አይደል? እዚህም እንደዚያው ነው። ላይብረሪው ውስጥ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፈንክሽኖች ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ፣ የሚለዩት አጠገባቸው ባለው የቨርዥን ምልክት ነው። ፕሮግራም ከላይብረሪው ጋር ሲገጣጠም «እኔ የምፈልገው የ2.2.5ን ሜምኮፒ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ከአሥር ዓመት በኋላ ቢነሳም የሚጠራው ያንኑ ነው። በ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ የአብዛኛው ነባር ፈንክሽን የአባት ስም 2.2.5 የሆነው ጂሊብሲ ለእነዚህ ማሽኖች መሥራት የጀመረው በዚያ ቨርዥን ስለሆነ ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት የሜምኮፒ ውል ነው። የሲ ስታንዳርድ ሁለት ገልባጮች ያውቃል። ሜምኮፒ የሚሠራው ምንጩና መድረሻው ካልተደራረቡ ብቻ ነው፣ ከተደራረቡ ውጤቱ ምንም ሊሆን ይችላል። ለተደራረበው ሜምሙቭ የሚባል ወንድም አለው፣ አስቀድሞ አይቶ አቅጣጫውን ይመርጣል። ወረቀቱ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። በተግባር ግን ሜምኮፒ ለብዙ ዓመታት ከፊት ወደ ኋላ ሲገለብጥ ስለኖረ፣ መረጃን ወደ መጀመሪያው ለመሳብ ተደራርቦ ቢጠራም ሳይሳሳት ያልፍ ነበር። ውል ማፍረሱን የሚነግረው የሌለ ሰው ደግሞ ውል ያፈረሰ አይመስለውም።

ችግሩ

ሴፕቴምበር 2010 መጨረሻ። ፌዶራ 14 ገና በሙከራ ላይ ነው። አንድ ተጠቃሚ የዲስትሮው የባግ መመዝገቢያ ላይ አጭር አቤቱታ አስገባ። በፍላሽ ኤምፒ3 የሚያጫውቱ ድረ ገጾች ላይ ድምፁ እንግዳ ሆኗል ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። አዶቤ ለ64 ቢት ሊኑክስ አዲስ የሙከራ ፍላሽ ፕሌየር ያወጣው በዚያው ወር ነበር። ለወጣት አንባቢዎች ላስታውስ፣ ያኔ ፍላሽ ከሌለ ድረ ገጽ ላይ ቪዲዮም ሙዚቃም የለም ማለት ይቻላል።

ነገሩን ያወሳሰበው ሁሉም ሰው ጋ አለመታየቱ ነው። ፌዶራው አንድ፣ ፍላሹ አንድ፣ ግን አንዱ ማሽን ላይ ድምፁ ይንሻፈፋል፣ ሌላው ላይ እንደ ወትሮው ነው። እንዲህ ያለ ባግ ጭንቅላት ይበላል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም፣ ደግሞም አልዋሸም።

መንስኤው

አንድ ሰው ፍላሹን በቫልግራይንድ አስነሳው። ቫልግራይንድ የሜሞሪ አጠቃቀምን እየተከታተለ የሚያሳብቅ መሣሪያ ነው። ወዲያው አሳበቀ፦ ፍላሽ ሜምኮፒን ምንጩና መድረሻው ተደራርበው እየጠራው ነው።

ይህ የፍላሽ ስህተት ነው፣ አያከራክርም። ግን ስህተቱ ለምን አሁን ታየ? በዚያው ዓመት ጂሊብሲ ውስጥ ከኢንቴል መሐንዲሶች የመጣ አዲስ የሜምኮፒ ኮድ ገብቶ ነበር። ለፍጥነት ሲባል በአንዳንድ ፕሮሰሰሮች ላይ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ መጀመሪያው ይገለብጣል። የኔሃለም ትውልድ ፕሮሰሰሮች ከነዚህ ውስጥ ናቸው። የትኛው ኮድ እንደሚሠራ የሚወሰነው ፕሮግራሙ ሲነሳ ፕሮሰሰሩ ታይቶ ነው። አንዱ ጋ ተንሻፎ ሌላው ጋ ደህና የሆነው ለዚህ ነው።

በፊደል ላሳያችሁ። ሜሞሪው ውስጥ ስድስት ቦታዎች አሉ እንበል፣ በቅደም ተከተል ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ተጽፎባቸዋል። የመጨረሻዎቹን አራቱን (ሐ መ ሠ ረ) ወደ መጀመሪያው መሳብ እንፈልጋለን።

ከፊት ከጀመርን ሐ 1ኛው ቦታ ላይ ያርፋል፣ መ 2ኛው ላይ፣ ሠ 3ኛው፣ ረ 4ኛው ላይ። የመጀመሪያዎቹ አራት ቦታዎች ሐ መ ሠ ረ ሆኑ። ልክ ነው።

ከኋላ ከጀመርን መጀመሪያ የሚገለበጠው ረ ነው፣ 4ኛው ቦታ ላይ ያርፋል። እዚያ ግን መ ነበረ። ገና ሳይገለበጥ ተደመሰሰ። ቀጥሎ ሠ 3ኛው ላይ ያርፍና ሐን ይደመስሳል። ከዚያ 2ኛው ቦታ ከ4ኛው ሊወስድ ሲሄድ የሚያገኘው መን ሳይሆን ረን ነው። 1ኛውም ከ3ኛው ሲወስድ ሠን ያገኛል። ውጤቱ ሠ ረ ሠ ረ። ሐ እና መ የሉም፣ በእነሱ ቦታ የኋለኛው ክፍል ሁለት ጊዜ መጥቷል።

በፊደሎቹ ምትክ የድምፅ ናሙና አስቡ። የአንድ ዘፈን ቁርጥራጭ ይጠፋል፣ ሌላው ይደገማል፣ ይህም በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ። ተጠቃሚው «እንግዳ ድምፅ» ያለው ይህንን ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የመጣው ራስን የማዳን እርምጃ ነው። ኤልዲ ፕሪሎድ በሚባለው መንገድ ከጂሊብሲ በፊት ሌላ ትንሽ ላይብረሪ ማስጫን ይቻላል። ሰዎች በሜምሙቭ የሚሠራ የራሳቸውን ሜምኮፒ ጽፈው ፍላሹን ከሱ ጋር አስነሱት፣ ድምፁም ተስተካከለ። የሊኑክስ ከርነልን (የሲስተሙን እምብርት) የጀመረው ሰው ራሱ ችግሩ ደርሶበት ስለነበር ተመሳሳይ ነገር ጽፎ እዚያው አስቀመጠ። ሌላው ደግሞ የፍላሹን ባይነሪ (የተኮምፓይለውን ፋይል) በስክሪፕት ከፍቶ ወደ ሜምኮፒ የሚሄዱትን ጥሪዎች ወደ ሜምሙቭ አዞራቸው። አሪፍ ጥገና ነው፣ ግን ሙዚቃ ሊሰማ የፈለገን ሰው ይህን አድርግ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው እርምጃ ጉዳዩን መዝጋት ነበር። የጂሊብሲ ወገን አቤቱታውን «ባግ አይደለም» ብሎ ዘጋው። ምክንያቱ አጭር ነው። ስታንዳርዱ አትደራርቡ ይላል፣ ፍላሽ ደራርቧል፣ ፍላሽ ይስተካከል።

ከዚያ ክርክሩ ጦፈ። የከርነሉ ሰው አቋም በአጭሩ ይህን ይመስላል። ተጠቃሚው ስታንዳርድ አያነብም፣ የሚያየው ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ አለመሥራቱን ነው። መደራረብ መኖሩን ለማወቅ ሁለት አድራሻዎችን ማወዳደር ብቻ ይበቃል፣ ወጪው ከቁጥር አይገባም። ታዲያ ሜምኮፒን እንደ ሜምሙቭ ማድረግ ምን ይጎዳል? በሌላ ወገን ያሉትም ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ለተበላሸ ፕሮግራም ሁሉ ላይብረሪው የሚያጎነብስ ከሆነ ውል የሚባል ነገር ትርጉም ያጣል፣ የተበላሸውም አይጠገንም አሉ።

እኔን ከጠየቃችሁ ሁለቱም እውነት ይዘዋል፣ ግን የመጀመሪያው መዝጋት ቀሽም ነበር። ፍላሽ ዝግ ሶፍትዌር ነው። ኮድ ማየት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። «ፍላሽ ይስተካከል» ማለት ለተጠቃሚው «ጠብቅ» ማለት ነው፣ እስከ መቼ ሲባል መልስ የለም። ፌዶራ 14ም ኖቬምበር 2 ቀን 2010 ችግሩን እንደያዘ ወጣ።

ሦስተኛው፣ መፍትሔ የምለው፣ በ2011 አጋማሽ ከጂሊብሲ 2.14 ጋር መጣ። እዚህ ላይ ነው የአባት ስሙ ነገር የሚያገለግለው። በ64 ቢቱ ማሽን ላይ ሜምኮፒ ሁለት ሆነ። የ2.2.5 ልጅ የሆነው አሮጌው ሜምኮፒ ወደ ሜምሙቭ ተዞረ። በ2.14 ደግሞ አዲስና ፈጣን ሜምኮፒ ተጨመረ። ቀድሞ የተገጣጠመ ፕሮግራም፣ ፍላሽን ጨምሮ፣ የሚጠራው አሮጌውን ስለሆነ ቢደራርብም አይጎዳም። ከዚያ በኋላ የሚገጣጠም ግን አዲሱን ያገኛል፣ ውሉንም ማክበር አለበት።

የሠራውና ያልሠራው

ለአሮጌ ባይነሪ ይህ ድንቅ ነበር። ፍላሹ ውስጥ አንዲት ባይት ሳትነካ ድምፁ ተስተካከለ፣ ፍጥነት የፈለገውም ፍጥነቱን አላጣም።

ያልተፈቱ ነገሮች ግን ነበሩ። ስህተት ያለበት ፕሮግራም እንደገና ኮምፓይል ሲደረግ በቀጥታ ወደ አዲሱ ሜምኮፒ ይሄዳል፣ የተደበቀው ችግር ያኔ ይወጣል። ኮዱን አንዲት መስመር ሳትነኩ፣ ማሽኑን ስላሳደጋችሁ ብቻ። ይህን ለማያውቅ ሰው እብደት ነው የሚመስለው።

የባሰው ግን እኔን ያገኘኝ ነው። ሜምኮፒን የማይጠራ የሲ ፕሮግራም ፈልጉ ቢባል ያስቸግራል፣ እናንተ ባትጠሩት እንኳ ኮምፓይለሩ ትልቅ ስትራክት (የመረጃ ጥቅል) ሲገለበጥ ራሱ ይጠራዋል። ስለዚህ ከ2.14 በኋላ ባለ ሲስተም ላይ የተገጣጠመ ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል «2.14 ካልሆነ አልነሳም» የሚል ሆነ። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 6 እና ሴንትኦኤስ 6 የያዙት 2.12 ነው። በ2013 የወጣው ደቢያን 7 የያዘው 2.13። ሴንትኦኤስ 6 ድጋፉ ያበቃው ኖቬምበር 2020 ላይ ነው፣ እስከዚያ ድረስ ስንት ሰርቨር ላይ ሲሠራ እንደነበር አስቡት። አሮጌ ፕሮግራም በአዲስ ሲስተም ላይ እንዲነሳ የተሠራው መፍትሔ አዲስ ፕሮግራም በአሮጌ ሲስተም ላይ እንዳይነሳ አደረገ። የጂሊብሲ ሰዎች ቃል የገቡት ለመጀመሪያው ብቻ ነው፣ ለሁለተኛው ማንም ቃል አልገባም። እኛ ግን ቃል እንደገቡልን አድርገን ነበር የምንኖረው።

እኔስ ምን አደረግኩ

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን አቋራጭ ሞከርኩ። በአንድ መስመር የአሴምብሊ ትእዛዝ ገጣጣሚውን «የ2.2.5ን ሜምኮፒ ተጠቀም» ማለት ይቻላል። ዋናው ፋይል ላይ ጨመርኩት። ኮምፓይል አደረግኩ፣ ኦብጅደምፑን አየሁ፣ 2.14 አሁንም አለ። ለካ ትእዛዙ የሚሠራው በተጻፈበት ፋይል ላይ ብቻ ነው። ሌሎቹ ፋይሎች ውስጥም ጨመርኩት። አሁንም አለ። ለካ በስታቲክ (ፕሮግራሙ ውስጥ አብሮ ተጠቅልሎ) ያስገባሁት የሌላ ሰው ላይብረሪም ሜምኮፒን ይጠራል፣ እሱ ደግሞ ተኮምፓይሎ ነው የመጣው። ከሰዓቱ እንዲሁ አለቀ።

ያዳነኝ አሰልቺው መንገድ ነው። ሴንትኦኤስ 6ን በዶከር (ሌላ ሲስተም በራስ ማሽን ውስጥ ለብቻው በሚያስነሳው መሣሪያ) አስነስቼ ፕሮግራሙንም የሌላውን ሰው ላይብረሪም እዚያው ውስጥ ከዜሮ ኮምፓይል አደረግኩ። እዚያ ያለው ኮምፓይለር፣ ጂሲሲ፣ አሮጌ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቦታ ኮዱን ማስተካከል ነበረብኝ። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ምንም ሳይል ተነሳ። የእኔ አዲሱ ኡቡንቱ ላይም ተነሳ።

በኋላ ሳየው የፓይተን ሰዎች ይህንኑ ደንብ አድርገውታል። ሜኒሊኑክስ የሚሉት አሠራር አላቸው። በ2016 የተጻፈው የመጀመሪያው መለኪያው ሴንትኦኤስ 5 ነበር፣ ጂሊብሲ 2.5 ማለት ነው። ቀጥሎ ሴንትኦኤስ 6፣ ከዚያ 2.17 የያዘው ሴንትኦኤስ 7። በፓይተን መጫኛው በፒፕ ብዙ ነገር ሳንሰቃይ የምንጭነው አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ በዚህ አሮጌ ሲስተም ላይ ስለሚያዘጋጅልን ነው።

ለሌላ ሥራ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ላይብረሪ የምትጽፉ ከሆነ የፈንክሽኑ ስምና የሚቀበላቸው ነገሮች ስላልተለወጡ ብቻ «ምንም አልሰበርኩም» አትበሉ። በሜምኮፒ ጉዳይ ስሙም፣ የሚቀበለውም፣ የሚመልሰውም ያው ነበር። የተለወጠው ሰነዱ ዋስትና ያልሰጠበት ጠባይ ነው፣ የተደገፉበት ግን እሱን ነበር። ሰነድ ላይ «አይታወቅም» ተብሎ የተጻፈ ነገር ለረጅም ዓመት አንድ ዓይነት ከሆነ ሰው ይለምደዋል። እንዲህ ያለውን ጠባይ ስትነኩ ለአሮጌ ተጠቃሚ አሮጌውን ማስቀረት የምትችሉበት መንገድ ካለ፣ አቤቱታው ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመልቀቃችሁ በፊት ተጠቀሙበት። የ2.14ቱ ዘዴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጃቸው ላይ ነበር።

ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ አይደለም። በኦገስት 2022 ጂሊብሲ 2.36 ሲወጣ በፋይሎቹ ውስጥ የነበረ አንድ አሮጌ የሲምቦል መፈለጊያ ሰንጠረዥ ቀረ። ከ2006 ጀምሮ የተሻለ ተተኪ አለው፣ ማን ይፈልገዋል ተብሎ ነው። ኢዚ አንቲ ቺት የሚባለው የጌም ማጭበርበር መከላከያ ግን ይፈልገው ነበር። አንዳንድ ጌሞች ሊኑክስ ላይ አልነሳ አሉ፣ ዲስትሮዎችም ሰንጠረዡን መልሰው አስገቡት። እንደገና ዝግ ሶፍትዌር፣ እንደገና «ስህተቱ የእናንተ ነው» ክርክር፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ።

ላይብረሪ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ኮዳችሁን አንዳንዴ በቫልግራይንድ ወይም በአድሬስ ሳኒታይዘር አስነሱት። ሁለቱም የተደራረበ ሜምኮፒን ይይዛሉ። የፍላሽ ሰዎች ይህን አድርገው ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ባይነሪ ለሰው የምትሰጡ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት የሚፈልገውን ከፍተኛ የጂሊብሲ ቁጥር እዩ። ኦብጅደምፕ ላይ አንድ ትእዛዝ ነው። ቁጥሩ ከደንበኛው ሲስተም ከበለጠ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ማወቅ ትችላላችሁ፣ ደንበኛው አጠገባችሁ ቆሞ «ምን አለ?» እስኪላችሁ መጠበቅ አያስፈልግም።

የአንድ መስመሩ አቋራጭ ዛሬ ጨርሶ አያዋጣም። በ2021 በወጣው ጂሊብሲ 2.34 ላይ ፕሮግራምን የሚያስጀምረው ፈንክሽን ራሱ አዲስ የአባት ስም ስላገኘ፣ ኡቡንቱ 22.04 ላይ የተገጣጠመ ፕሮግራም ከአንድ መስመር ሰላምታ ሌላ የማያትም እንኳ ቢሆን 2.34 ይፈልጋል። ሬድ ሃት 8 ላይ ያለው 2.28 ነው። በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ የዚህኑ ስህተት ፎቶ በቴሌግራም ልኮልኝ «ሜምኮፒ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት፣ የዶከር ፋይሌንም ላክሁለት።